መብራቷን ማጥፋት ፍሬን መጠገን አይደለም

መንጌ ላይ ፒክአፕ መኪና ብዙ ሥራ አለበት። ጠዋት የወረዳ ባለሙያ ይጭናል፤ ከሰዓት መድኃኒት ወይም ማዳበሪያ ያደርሳል። በገበያ ቀን ጋቢናው ከሞላ በኋላ ሰውና ጆንያ ከኋላ ተደራርበው ይጫናሉ። ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ካለችና አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ከሄደ፣ ወደ አሶሳ የሚነሳው ያው ፒክአፕ ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ መኪና ዳሽቦርድ ላይ አንዲት ብርቱካናማ መብራት ትበራለች፤ የኤቢኤስ መብራት። ሹፌሩ ፍሬኑን ይረግጣል፤ መኪናው ይቆማል። «ይይዛል» ይላል። ጉዞ ይቀጥላል።

ወራት ያልፋሉ። ከዚያ የዓመታዊ ምርመራው ጊዜ ይደርስና ቦሎ መታደስ አለበት ይባላል። ያን ጊዜ ለወራት ስትበራ የከረመችው መብራት በአንድ ከሰዓት ትጠፋለች። አምፖሏ ይነቀላል፣ ወይም የጌጁ መስታወት ተከፍቶ በጥቁር ፕላስተር ትሸፈናለች፣ ወይም ሽቦዋ ከሞተር ዘይት መብራት ሽቦ ጋር ይታሰርና ሞተር ሲነሳ አብራ እንድትጠፋ ይደረጋል። የመጨረሻው ዘዴ እውነትም ጭንቅላት ይጠይቃል። የሚያናድደውም ይኸው ነው፤ ያን ማሰር የቻለ ኤሌክትሪሺያን ብልሽቱን ራሱን ፈልጎ ማግኘት ይችል ነበር።

ነገሩ የመንጌ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባም፣ ባሕር ዳርም፣ ነቀምትም ይደረጋል። ልዩነቱ አዲስ አበባ ላይ ይህን የሚያደርግ ሰው ምርጫ አለው። ኮምፒውተር የሚያስነብብበት ጋራዥ በየሰፈሩ አለ፣ መለዋወጫም ሶማሌ ተራ ወርዶ ይገዛል። ከመንጌ ተነስቶ አዲስ አበባ ለመድረስ ግን መጀመሪያ አሶሳ፣ ከአሶሳ ደግሞ በባምባሲ፣ በመንዲ፣ በነጆ፣ በጊምቢና በነቀምት አድርጎ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። ያ መንገድ ደግሞ በጸጥታ ምክንያት በተለያየ ጊዜ ሲዘጋና ሲከፈት ዓመታት ተቆጥረዋል። ስለዚህ ሹፌሩን «ግዴለሽ» ብሎ መስደብ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፍርዱ ትክክል አይሆንም። ግዴለሽነቱ ከላይ ነው የሚጀምረው፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

መጀመሪያ መብራቷ ምን እያለች እንደሆነ እንይ።

ፍሬን በድንገት አጥብቀው ሲረግጡ ጎማ ይቆለፋል። የተቆለፈ ጎማ ይንሸራተታል እንጂ አይሽከረከርም፤ የማይሽከረከር የፊት ጎማ ደግሞ መሪ አይሰማም። መሪውን ወደ ግራ ቢያዞሩትም መኪናው ወደፊት ይነጉዳል። ኤቢኤስ የተሠራው ለዚህ ነው። በየጎማው ሥር ያለ ሴንሰር የጎማውን ፍጥነት ለአንድ ትንሽ ኮምፒውተር ይናገራል። አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ ሊቆለፍ ሲል ኮምፒውተሩ የዚያን ጎማ የፍሬን ዘይት ግፊት በሴኮንድ ብዙ ጊዜ እየለቀቀ እየያዘ እንዲሽከረከር ያደርገዋል። ፔዳሉ ላይ የሚሰማው ግርግርታ ከዚህ የሚመጣ ነው። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ይህን በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ሥርዓት በ1978 እ.ኤ.አ. በመርሴዲስ መኪና ላይ ለገበያ አቅርቧል። ስለዚህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው።

የዚህ ሥርዓት ትልቁ ጨዋነት ሲጠራጠር ራሱን ማግለሉ ነው። ከአንዱ ሴንሰር የሚመጣው ወሬ ካላማረው «እኔ ወጥቻለሁ፣ ፍሬኑ በድሮው መንገድ ይሥራ» ብሎ መብራቷን ያበራል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነስቶ ቢሾፍቱ አካባቢ የወደቀው የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን 157 ሰው ይዞ ነበር። በዚያ አውሮፕላን ላይ ኮምፒውተሩ ከአንድ ሴንሰር የመጣን የተሳሳተ ወሬ አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደታች ደፋ። ሁለቱ ሴንሰሮች እንዳልተስማሙ ለአብራሪ የሚናገረው ማስጠንቀቂያም በአብዛኞቹ የዚያ ዓይነት አውሮፕላኖች ላይ እንደማይሠራ ኋላ ታወቀ። የማስጠንቀቂያ መብራት ጌጥ እንዳልሆነ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ዋናው ልዩነት። ብርቱካናማዋ ብቻዋን ከበራች መደበኛው ፍሬን አለ፤ ኤቢኤሱ ብቻ የለም። ቀስ ብሎ፣ ርቀት ጠብቆ ጋራዥ መድረስ ይቻላል። ብርቱካናማዋና ቀዩዋ የፍሬን መብራት አብረው ከበሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑ መውረዱን፣ ቀጥሎ የፍሬን ዘይቱ መጠን አለመጉደሉን ማየት ያስፈልጋል። ሁለቱም ደህና ሆነው መብራቶቹ ካልጠፉ፣ በብዙ አዳዲስ ፒክአፖች ላይ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል የፍሬኑን ኃይል የሚያከፋፍለው ሥርዓትም ሥራ አቁሟል ማለት ነው። ባዶ ፒክአፕ ኋላው ቀላል ነው። ያ ክፍፍል ከሌለ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይቆለፉና መኪናው በጎኑ ይዞራል። በዚህ ሁኔታ ሰው ጭኖ መሄድ አይገባም። ለሹፌር ይህን ልዩነት ማስተማር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት መኪና ተረክቦ ሲፈርም ይህን የሚነግረው ሰው ግን የለም። የሚፈርመው የጎማ፣ የክሪክና የመለዋወጫ ጎማ ቁጥር ላይ ነው።

ብልሽቱ ራሱ የት ነው ያለው? ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ አይደለም፤ ጎማው ሥር ነው።

የመንጌ ሰው ወርቅ ያውቃል። ወርቅ የሚያጥብ ሰው ደግሞ አሸዋውን አጥቦ ሲጨርስ ከገበታው ሥር ከወርቁ ጋር የሚቀረውን ጥቁር ከባድ አሸዋ ያውቀዋል። ማግኔት ሲያስጠጉበት ተነስቶ ይለጠፋል፤ ብረት አለበት። እንግዲህ የብዙ ፒክአፖች የኤቢኤስ ሴንሰር ጫፍ ማግኔት ነው። ፊት ለፊቱ ከጎማው ጋር የሚዞር ጥርስ ያለው የብረት ቀለበት አለ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ያ መኪና ቀይ አፈር በሞላበት ፒስታ ላይ ዓመቱን ሙሉ ይሄዳል፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ደግሞ ጅረት ያቋርጣል፣ ጭቃ ውስጥ ይገባል። ጥቁሩ አሸዋም፣ ከፍሬን ዲስኩ የሚፋቀው የብረት ብናኝም ሴንሰሩ ጫፍ ላይ ይለጠፋል። ምልክቱ ይደክማል፣ ኮምፒውተሩ ይጠራጠራል፣ መብራቷ ትበራለች። ሴንሰሩ አልሞተም፤ ቆሽሿል። አንድ ቡሎን ተፈትቶ፣ በጨርቅ ተጠርጎ፣ ጉድጓዱ ተጠርጎ መመለስ ነው። ደርቆ ከተጣበቀ በመዶሻ መደብደብ የለም፤ አብዛኛው ሴንሰር የሚሰበረው ሲወጣ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ሽቦ ነው። የፊት ጎማ መሪ በዞረ ቁጥር ይዞራል፣ ጉድጓድ በመታ ቁጥር ይዘላል፤ የሴንሰሩ ሽቦም አብሮት ይታጠፋል። ማቀፊያ ክሊፑ ከወለቀ ሽቦው ከጎማው ጋር ይፋተጋል። ከውጭ ሲያዩት ደህና መስሎ ውስጡ የተበጠሰ ሽቦም አለ። ከዚያ ኩሽኔታ አለ። ኩሽኔታው ሲላላ ቀለበቱ ይወዛወዛል፣ ክፍተቱ አንዴ ይሰፋል አንዴ ይጠባል። ይህን ለማወቅ ክሪክና ሁለት እጅ በቂ ነው፤ ጎማውን አንስቶ ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ። ቀለበቱ ራሱ ሊዝግ፣ ጥርሱ ሊሰበር ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ኩሽኔታ ሲቀየር በመዶሻ የተመታ ቀለበት መካኒኩ ከሄደ በኋላ ነው የሚናገረው።

አንድ ምልክት ደግሞ አለ፤ ሹፌሮች ብዙ ጊዜ የሚናገሩት፣ ጋራዦች ግን ብዙም የማይሰሙት። መብራት ሳይበራ፣ መኪናው ቀስ ብሎ ሊቆም ሲል ፔዳሉ ግር ግር ብሎ እግር ይገፋል፤ መኪናው ሳይቆም ትንሽ ይሄዳል። ደረቅ አስፋልት ላይ እንዲህ ከሆነ ከአንዱ ሴንሰር የሚመጣው ምልክት በዝቅተኛ ፍጥነት እየጠፋ፣ ኮምፒውተሩም «ጎማ ተቆልፏል» ብሎ በከንቱ እየለቀቀ ነው። ፍሬን ሸራ መቀየር ይህን አያድነውም። የስንት ሰው ገንዘብ በዚህ እንደወጣ መካኒኮች ያውቁታል።

«ያለ ኮምፒውተር የትኛው ጎማ እንደሆነ በምን ይታወቃል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ መንጌ ላይ በብዛት ለሚታዩት የቶዮታ መኪኖች የሚያስደስት ነው። ኤቢኤስ ባላቸው ብዙ የቶዮታ ሃይሉክስና ላንድክሩዘር ሞዴሎች ከመሪው ሥር ባለው አሥራ ስድስት ቀዳዳ ያለው የምርመራ ሶኬት ላይ፣ 4ኛውን ቀዳዳ ከ13ኛው ጋር በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ሞተር ሳያስነሱ መክፈት ነው። መብራቷ መቁጠር ትጀምራለች። ያለማቋረጥ እኩል ብልጭ ድርግም ካለች የተመዘገበ ብልሽት የለም። ሦስት ጊዜ በርታ ትንሽ ቆማ አንዴ ከበራች 31 ማለት ነው፤ የቀኝ የፊት ጎማ ሴንሰር። 32 የግራ ፊት፣ 33 የቀኝ ኋላ፣ 34 የግራ ኋላ ነው። 41 የባትሪ ወይም የቻርጅ ኮሬንቲ ችግር ነው፤ የደከመ ባትሪ ስንቱን ሴንሰር ያለ ጥፋቱ አስቀይሯል! 51 ከመጣ ነገሩ ወደ ፓምፑ ሞተር ሄዷል፤ ያን ጊዜ ነው ወጪ ማሰብ የሚያስፈልገው። ጥገናው ካለቀ በኋላ ሽቦው እንደተገናኘ ፍሬኑን በአምስት ሴኮንድ ውስጥ ስምንት ጊዜ መርገጥ መዝገቡን ያጠፋዋል። ቀዳዳውን ማሳሳት ግን አይገባም፤ 16ኛው ቀጥታ የባትሪ ኮሬንቲ ነው፤ ከ4ኛው ጋር ቢነካካ ፊውዝ ያቃጥላል። ለሌላ ኩባንያ መኪናም ይህ ዘዴ አይሠራም።

በስልክ የሚሠራው ርካሽ መመርመሪያ ብዙዎችን እያሳሳተ ነው። ሶኬቱ ላይ ይሰካል፣ «ምንም ብልሽት የለም» ይላል። ርካሾቹ በአብዛኛው የሚያነቡት የሞተሩን መዝገብ ብቻ ነው፤ የኤቢኤስ ኮምፒውተር ሌላ ክፍል ነው፣ ሁሉም መሣሪያ አያናግረውም። ሞተሩ ደህና ነው ማለት ፍሬኑ ደህና ነው ማለት አይደለም። መሣሪያው ኮድ ቢሰጥም እንኳ ኮዱ የሚናገረው አድራሻ እንጂ በሽታ አይደለም። «የቀኝ ፊት ጎማ ሴንሰር» ሲል እዚያ ሰፈር ሂድ ማለቱ ነው፤ ሴንሰሩን ቀይር ማለቱ አይደለም። ሽቦው፣ ሶኬቱ፣ ቀለበቱ፣ ኩሽኔታው ሁሉ በዚያው አድራሻ ይኖራሉ። ቴስተር ያለው ሰው የቆየውን ዓይነት ሴንሰር በኦም መለካት ይችላል፤ አብዛኛው ከአንድ ሺህ እስከ ሁለት ሺህ ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ከሌላኛው ጎን ጎማ ጋር ማወዳደርም የተሻለ ነው። በአዳዲሶቹ ግን ሴንሰሩ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሮኒክስ ስላለ በኦም መለካት ትርጉም የለውም፣ ሊጎዳውም ይችላል፤ የሚለካው ቮልት ነው።

ይህ ሁሉ ሲታይ አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል። የብልሽቱ ትልቁ ክፍል መንጌ ላይ፣ ቢበዛ አሶሳ ላይ የሚያልቅ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚያስኬደው ዕውቀት ማጣት እንጂ ዕቃ ማጣት አይደለም። ያም ሆኖ ልማዱ ተቃራኒ ነው። የተገዛ ያገለገለ የኤቢኤስ ፓምፕ ከሶማሌ ተራ በአውቶቡስ ይመጣል፣ ይገጠማል፣ አየሩ በደንብ ሳይወጣ ይቀራል፤ መብራቷም አትጠፋም፣ ምክንያቱም ችግሩ ከመጀመሪያውም የሁለት መቶ ብር ሽቦ ነበር። ከዚያ መኪናው በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ዛፍ ሥር ይቆማል። የቆመ መኪና ደግሞ ወዲያው ጎማው ለሌላ ይፈታል፣ ባትሪው ለሌላ ይወጣል።

እዚህ ላይ የሹፌሮቹ መከራከሪያ መሰማት አለበት፤ ሞኝ አይደሉምና። «ኤቢኤስ ለፒስታ አይሆንም፤ ሳይኖር ይሻላል» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። በላላ ጠጠር ላይ የተቆለፈ ጎማ ጠጠሩን ከፊቱ እየቆለለ እንደ ሽብልቅ ስለሚቆም፣ መኪናው በአጭር ርቀት ይቆማል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ባደረገው ሙከራ በላላ ጠጠር ላይ ኤቢኤስ ያላቸው መኪኖች መቆሚያ ርቀት በአማካይ 27 በመቶ ገደማ ረዝሞ ተገኝቷል። ስለዚህ በፒስታ ላይ ኤቢኤስ ያለው መኪና የያዘ ሹፌር ርቀቱን መጨመር አለበት። ሌላው ግማሽ ግን አለ። ቆልፎ የቆመው መኪና መሪ አይሰማም። ከመታጠፊያው ላይ ልጅ ወይም ፍየል ብቅ ስትል የሚያስፈልገው መቆም ብቻ ሳይሆን ማለፍም ነው። ደግሞስ ያ ፒክአፕ መቼ ፒስታ ላይ ብቻ ይሄዳል? በሽተኛ ይዞ ወደ ነቀምት ሲወርድ ከጊምቢ በኋላ የዴዴሳ ቁልቁለት አለ፤ ዝናብ ካለ፣ አስፋልቱ ላይ ናፍጣ ከተንጠባጠበ፣ ኤቢኤስ የተፈለሰፈው ለዚያች ደቂቃ ነው። ብዙዎቹ የቆዩ ሃይሉክሶች ኤቢኤስ የላቸውም፤ ሹፌሮቻቸውም እንደሌላቸው አውቀው ይነዳሉ። አደገኛው የሌለው መኪና አይደለም። አለው ተብሎ የሚታመንበት፣ መብራቱ ግን በፕላስተር የተሸፈነው ነው። በተለይ ሹፌር ሲቀየር።

አሁን ወደ ላይ።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። ምርመራው ላይ ፍሬን የሚለካው በሚሽከረከር ብረት ላይ ጎማውን አቁሞ ነው፤ ማሽኑ ባለበት ቦታ። ያ ማሽን ጎማውን የሚያዞረው በእርምጃ ፍጥነት ስለሆነ ኤቢኤስ በዚያ ፍጥነት አይነሳም። ማለትም ኤቢኤሱ የሞተ መኪና ማሽኑን በክብር ያልፋል። ታዲያ የሚቀረው ብቸኛው ምስክር መብራቷ ናት። መርማሪው ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «በርታለች ወይስ ጠፍታለች?» ብሎ ነው። ጠፍታ ካየ ያልፋል። ፕላስተሩንም የወለደው ይህ ጥያቄ ነው። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ቁልፉ ሲከፈት መብራቷ በርታ ሦስት ሴኮንድ ያህል ቆይታ ጠፋች ወይ? ጨርሶ ያልበራች መብራት በርታ ከቀረችው የባሰች ናት። ከዘይት መብራቱ ጋር የታሰረችዋም በዚሁ ትጋለጣለች፤ ሞተር እስኪነሳ አትጠፋምና። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፣ ማሽን አያስፈልግም። ለመርማሪው አንድ ገጽ መመሪያ ይበቃል።

ቀጥሎ ግዢው። የክልል ቢሮዎችና የእርዳታ ድርጅቶች ፒክአፕ ሲገዙ ስለ ሞተር ጉልበትና ስለ ጎማ መጠን ገጽ ሙሉ ይጽፋሉ። ከመኪናው ጋር አሶሳ የሚቀመጥ፣ ኤቢኤስና ኤርባግ የሚያነብ አንድ መመርመሪያ ይካተት የሚል መስመር ማስገባት ከአንድ መኪና ዋጋ አንጻር ምንም አይደለም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀለው ሕዝብ በኩርሙክ በኩል ሲገባ፣ በዚያ አካባቢ የሚመላለሰው ፒክአፕ ጭነቱ በዝቷል፤ መመርመሪያው የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ሆኖ በካዝና ከሚቆለፍ፣ በአሶሳ ባለ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ቢቀመጥ ሁሉም በክፍያ ይጠቀምበታል፣ ተማሪዎቹም በእውነተኛ መኪና ይማሩበታል። ካርቡራተር አፍታቶ የተመረቀ ልጅ ዛሬ ኮፈን ሲከፍት ካርቡራተሩን አያገኘውም።

«መኪናዎቹ አርጅተዋል፣ አዲስ ይገዛ» የሚልም አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አክብዶታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ እንደወሰነ አስታውቋል። የፖሊሲው ልክነት ሌላ ክርክር ነው። እዚህ ያለው ውጤት ግን አሁን ያለው ፒክአፕ ገና ብዙ ዓመት እንደሚነዳ ነው። የኤሌክትሪኩ መኪና ሲመጣም ጎማው ሥር ያው ሴንሰርና ያው ቀለበት አለ፤ የመንጌ ቀይ አፈርም ያው ነው።

እስከዚያው ወረዳው በራሱ ሊያደርገው የሚችለው አለ። እያንዳንዱ የመንግሥት መኪና የጉዞ መቆጣጠሪያ ቅጽ አለው፤ የተነሳበት ኪሎ ሜትር፣ የተመለሰበት ኪሎ ሜትር፣ የተቀዳ ነዳጅ፣ የሹፌር ፊርማ። አንድ ዓምድ ይጨመር፦ ቁልፍ ሲከፈት የኤቢኤስ መብራት በራ፣ ጠፋ፣ ወይስ ጨርሶ አልበራም? ቅጹን የሚያባዛው ሰው በሚቀጥለው ሰኞ ሊያስገባው ይችላል።